በር የከፈቱለት ሴት
ዛሬ ሥራ አልነበረኝም። የፈረንሳዩን ገጣሚና ዘፋኝ የዦርዥ ብራሳንስን ዘፈኖች እየሰማሁ፣ የጦርነት ዘመን ሕይወቱን ሳነብ ዋልኩ። ሆዴን በላኝ።

በአውሮፓውያኑ 1940 ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ ፓሪስ አክስቱ ዘንድ ገባ። ረኖ የመኪና ፋብሪካ ተቀጠረ። ብዙም ሳይቆይ የጀርመን አውሮፕላኖች ፋብሪካውን ደበደቡት። ሥራው ቀረ፤ ግጥሙ ግን አልቀረም። በ1942 ትንሽ የግጥም መድበል አሳተመ።

በ1943 ከጀርመን ወራሪዎች ጋር ይተባበር የነበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ወጣቶችን ለግዳጅ ሥራ ወደ ጀርመን መላክ ጀመረ። ብራሳንስም በርሊን አጠገብ ባስዶርፍ፣ ቢኤምደብልዩ የአውሮፕላን ሞተር ወደሚሠራበት ፋብሪካ ተጫነ። እዚያም ሆኖ ይጽፍ ነበር። የዕድሜ ልክ ወዳጁን ፒየር ኦንቴኒየንትንም ያገኘው እዚያው ካምፕ ውስጥ ነው።

በማርች 1944 አጭር ፈቃድ አግኝቶ ፓሪስ መጣ። በዚያው ቀረ። መደበቂያ የሰጡት ዣን ፕላንሽ የሚባሉ ሴት ናቸው። ቤታቸው ፍሎሪሞን በሚባል መውጫ የሌለው ጠባብ መንገድ ውስጥ ነበር። የቧንቧ ውኃ የለ፣ መብራት የለ፣ ጋዝ የለ። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ቢያዝ እኮ መዘዙ ለእሳቸውም ይተርፍ ነበር! ለእኔ የታሪኩ ጀግና እሳቸው ናቸው።

ፓሪስ በዚያው ዓመት ነሐሴ ነፃ ወጣች። እሱ ግን ከዚያ ቤት አልወጣም። ዝናውም ገንዘቡም ከመጣ በኋላ እንኳ እስከ 1966 ድረስ እዚያው ኖረ።

ለዣንና ለባለቤታቸው ለማርሴል ውለታ የዘፈነላቸው ዘፈን በ1954 ወጥቷል። ፈረንሳይኛ የምትሰሙ፣ «ሻንሶን ፑር ሎቬርኛ» ብላችሁ ፈልጉትና አዳምጡት።