የባግ ደቦ በደቢያን

ነጻው የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደቢያን አዲስ ሥሪት ሊያወጣ ሲቃረብ በጎ ፈቃደኞች ቅዳሜና እሁድን ተሰብስበው ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ይለቅማሉ። ደቦ ነው። ደቦ የጠራ ሰው ማሳውን አስቀድሞ ካላየው ግን ቅዳሜ ፕሮግራም ሲጫን ብቻ ይመሻል።

ስለዚህ ከሳምንት በፊት የባጉን መዝገብ ክፈቱ። ሥሪቱን የሚያግዱት በክብደታቸው ክሪቲካል፣ ግሬቭና ሲሪየስ የተባሉት ባጎች ናቸው። ለ10 ሰው ከነሱ 30 ያህል ምረጡ። ፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ የፕሮግራም ጥቅል) ወደ ደቢያን የመላክ ሥልጣን ያለው አንድ የደቢያን ዴቨሎፐር የግድ ይኑር፤ ያለሱ ፓቹ (ባጉን የሚያርመው የኮድ ለውጥ) ሁሉ ወረፋ ላይ ይቀራል። እያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ኤስቢልድ በተባለው መሣሪያ የተዘጋጀ፣ ለሲድ (ገና እየተሠራ ላለው የደቢያን ሥሪት) የሚሆን ንጹህ የፓኬጅ መገንቢያ ይኑር። 10 ሰው በአንድ ዋይፋይ ያንኑ ፓኬጅ ሲያወርድ መስመሩ ይሞታል፤ አንዱ ማሽን ላይ የወረደውን ፓኬጅ የሚያስቀምጠውን አፕት-ካቸር-ኤንጂ ጫኑና ሌሎቹ ከሱ ይውሰዱ።

ፓች ከመጻፋችሁ በፊት ባጉ ሲድ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ተስተካክሎ ሳይዘጋ የቀረ ብዙ ነው። የመዝጊያው ኢሜይል የመጀመሪያ መስመር ላይ የተስተካከለበትን ሥሪት ጻፉ። ካልጻፋችሁ መዝገቡ በሁሉም ሥሪት እንደተፈታ ይቆጥረዋል፤ ቴስቲንግ (ለመውጣት የሚዘጋጀው ሥሪት) ውስጥ የቀረው የታመመ ፓኬጅም ከዓይን ይሰወራል።

“ኮዱ አልገነባ አለ” የሚሉት ባጎች ለጀማሪ ይመቻሉ፣ ወጥመድ ግን አላቸው። ኮድን ወደ ፕሮግራም ከሚቀይረው ኮምፓይለር ከጂሲሲ 14 ወዲህ ሳይታወጅ የተጠራ የሲ ፋንክሽን ማስጠንቀቂያ መሆኑ ቀርቶ ስህተት ሆኗል። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ፋንክሽኑ የታወጀበትን ፋይል የምታስገባ አንዲት የኢንክሉድ መስመር ናት። ሰነፍ ደግሞ ስህተቱን በኮምፓይለር አማራጭ ያፍነዋል፣ ይገነባለታልም። ኮምፓይለሩ ግን ያልታወጀው ፋንክሽን ኢንት (32 ቢት ሙሉ ቁጥር) ይመልሳል ብሎ ይገምታል። የሚመልሰው ፖይንተር (የማስታወሻ አድራሻ) ከሆነ 64 ቢት ማሽን ላይ የላይኛው 32 ቢት ይቆረጥና ፕሮግራሙ ተጠቃሚው እጅ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ፓች ከመጣላችሁ ሳታቅማሙ መልሱት።

ባግ የያዘ ሰው ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ 2 ሰዓት ሙሉ ካልተራመደ ይልቀቀው።

ፓኬጁ የሌላ ሰው ከሆነ የሥሪት ቁጥሩ 1.2-3 የነበረው 1.2-3.1 ተብሎ ይላካል፤ ልዩነቱም ኤንኤምዩዲፍ በተባለው መሣሪያ ባጉ ላይ ይለጠፋል። ፓኬጁን የማዘግያ ወረፋው ላይ ጥቂት ቀን አስቀምጡት፣ ባለቤቱ መቃወሚያ ጊዜ ያግኝ። ይህን ዘልሎ የሰው ፓኬጅ የነካ የሚደርስበት ቁጣ ይገባዋል።

እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አዲስ ባግ አይያዝ። የቀረው ጊዜ የተሞከረውንና ያልሠራውን ባጉ ላይ መጻፊያ ነው፤ ሰኞ ሁሉም ወደ ሥራው ስለሚሄድ ማንንም ጠይቆ ማግኘት አይቻልም።