በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ለጀማሪ ልጆች፦ የያዝኩት አሠራርና ያረምኳቸው ስሕተቶች

ጠመንጃ «ጎረሰ» ስንል ዛሬ ጥይቱ የሚገባው ከኋላ ነው። እ.ኤ.አ. የ1853 ሞዴል የሆነው የእንግሊዝ ኤንፊልድ ግን ቃሉ እንደሚለው በአፉ ነው የሚጎርሰው፤ መጀመሪያ ባሩድ፣ ቀጥሎ እርሳስ። እኛ «ሰናድር» የምንለውም የዚሁ የኤንፊልድ ልጅ ነው፤ ኋላው ተቆርጦ ቀለህ እንዲቀበል የተደረገውና የናፒየር ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ይዞት የወጣው። አሜሪካ ውስጥ ልጆችን ዒላማ ሳስጀምር በአፉ የሚጎርሰውን የመረጥኩት ስለማያቻኩል ነው። አንዱን ጥይት ከሌላው ለማድረስ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ልጁም ያለፈውን ተኩስ ለማሰብ ጊዜ ያገኛል።

አሮጌውን ራሱን ግን ለጀማሪ አልሰጥም። ረጅሙ ኤንፊልድ ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ቁመቱም 1.40 ሜትር ያህል ነው። ለልጅ የምይዘው ሰደፉ ያጠረ፣ በዘመናችን በአሮጌው አምሳል የተሠራ ባለ 45 ካሊበር ነው። ጥንታዊው የሚወጣው በኋላ ነው፣ ያውም ጠመንጃ ሠሪ መርምሮት። ቱቦው ውስጥ ዝገት የበላው ቦታ፣ የላላ የኋላ መድፈኛ፣ ግማሽ ላይ ሲቆም የሚያመልጥ መዶሻ ካለ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ከሁሉ በፊት ግን ባዶነቱን ማረጋገጥ ነው። ከአያት የተወረሰ ጠመንጃ መቶ ዓመት ሙሉ ጎርሶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። መጠቅጠቂያውን ዘንግ ቱቦው ውስጥ እጥላለሁ። ባዶ ከሆነ ብረት ብረትን ሲመታ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ዘንጉን ከውጭ በኩል ሳስተያየውም እስከ ቱቦው መጨረሻ መድረሱን አያለሁ። ደንቆሮ ድምፅ ከሰጠና አጥሮ ከቀረ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ዘንጉ ላይ ሁለት ምልክት አደርጋለሁ፤ አንዱ የባዶ፣ አንዱ በትክክል የጎረሰ። እነዚህ ሁለት ጭረቶች ብዙ አደጋ አስቀርተውልኛል።

የልጁ መጠን 30 ግሬን፣ ማለትም 2 ግራም ያህል፣ ደቃቁ «ሦስት ኤፍ» ጥቁር ባሩድ ነው። ኳሷ 11.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ንጹሕ እርሳስ፣ ክብደቷ 8.3 ግራም፤ የምትጠቀለልበት ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ቅባት የነካው የጥጥ ጨርቅ ነው። ናይሎን የተቀላቀለበት ቀልጦ ቱቦው ላይ ይለጠፋል። ለኤንፊልዱ የጦር ሜዳው ልክ 68 ግሬን ነበር፤ ለዒላማ 40 ይበቃል፣ ትከሻም አይመታም። ጭስ አልባውን ባሩድ ግን በእንጥፍጣፊም ቢሆን አላስገባም፤ ቱቦውን ይበታትነዋል።

አጎራረሱን አንድ በአንድ እንዲህ ይዣለሁ። ባሩዱ ከሚያዝበት ቀንድ ወደ መስፈሪያ፣ ከመስፈሪያ ወደ ቱቦ። ከቀንዱ በቀጥታ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ ካለፈው ተኩስ የቀረች ፍም ብትኖር ቀንዱ እጅ ላይ ይፈነዳል። ቀንዱም ወዲያው ተከድኖ ከተኩሱ መስመር ኋላ ይቀመጣል። ከዚያ ጨርቅና ኳስ። ዘንጉን ከአፈሙዙ ከአንድ ስንዝር በላይ ከፍ አድርጎ መያዝ አይገባም፤ ረጅም ይዞ የሚገፋ የእንጨት ዘንግ ሰብሮ መዳፉን ይወጋል። ኳሷ ባሩዱ ላይ ቁጭ ማለቷን ምልክቱ ይነግረናል። በመካከል ክፍተት ከቀረ ቱቦው እዚያው ላይ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ስትመታ እሳት ሰጥታ ባሩዱን የምትለኩሰው ትንሿ የብረት ቆብ፣ ካፕሱሏ፣ የምትሰካው በመጨረሻ፣ መስመሩ ላይ፣ አፈሙዙ ወደ ዒላማው ዞሮ ነው። መነጽርና የጆሮ መከላከያ ያላደረገ አይጠጋም፤ የካፕሱል ስብርባሪ ይፈናጠራል።

የልጆች ዋና ስሕተት ባሩድ ሳይጨምሩ ኳሷን መጠቅጠቅ ነው፤ መንሥኤው ሁልጊዜ ወሬ ነው። አሁን የሚያጎርስ ልጅ አይናገርም፣ እኔም አላናግረውም። ከተሳሳተ ኳሷ በብሎን መሳይ ማውጫ ትጎተታለች። ካፕሱሏ ተመትታ ካልተኮሰ ደግሞ አፈሙዙ ከዒላማው ሳይነሣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ደቂቃ እንጠብቃለን፤ እሳቱ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። መጀመሪያ ቸኩለው ወደ ኋላ ዞር ይሉ ነበርና አሁን ጮክ ብለው እስከ ስልሳ እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ።

ዐይን ጨፍኖ መተኮስን የሚፈውሰው ሻማ ነው። የእንግሊዝ ጦር ወታደሩን ያለማምድበት የነበረ ዘዴ ነው፦ ባዶ ጠመንጃ፣ ካፕሱል ብቻ፣ አንድ ሜትር ያህል ርቆ የሚነድ ሻማ። አነጣጥሮ ምላጩን በቀስታ የሳበ ከአፈሙዙ በሚወጣው የካፕሱሏ ንፋስ ሻማውን ያጠፋዋል። ምላጭ የሚነጥቅ አያጠፋም። ልጁ ሦስቴ ተከታትሎ ካጠፋ ነው ባሩድ የሚያየው። ከተኩስ በኋላም «አንድ፣ ሁለት» እስኪል ጉንጩን ከሰደፉ አያነሣም፤ ይህ ዓይነት ጠመንጃ ከምላጭ እስከ ፍንዳታ ስለሚዘገይ ቀድሞ ቀና ያለ ይስታል።

የመጀመሪያው ዒላማ 25 ሜትር ላይ፣ በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ ነው። መሐሉን አልጠይቅም፤ አምስቱ ቀዳዳ ይቀራረብ። የኤንፊልዱ ዝቅተኛ ማነጣጠሪያ ለ100 ያርድ የተሠራ ስለሆነ በቅርብ ከፍ ብሎ ይመታል፤ ከጥቁሩ ክብ በታች ማለም ያስፈልጋል።

ቀዳዳዎቹ ከተበታተኑ ልጁን ከመውቀሴ በፊት ጨርቁን እፈልጋለሁ። ከአፈሙዙ ጥቂት ሜትር ወዲያ ወድቆ ይገኛል። መሐሉ ተቃጥሎ ከሆነ ቀጥኗል ወይም ቅባት አንሶታል። በስለት እንደተቆረጠ ከተሰነጠቀ የአፈሙዙ ጠርዝ ወይም የውስጡ ቦዮች ስል ናቸው። ዳሩ ፈርፈር ብሎ መሐሉ ጤነኛ ከሆነ እንከኑ ሌላ ቦታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥላሸት ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከግማሽ በላዩ ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በየተኩሱ መካከል እርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ፣ ደረቅ አንድ ጊዜ እሰዳለሁ። የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ውሃው ወደ ታች ወርዶ ቀጣዩን ባሩድ ያረጥበዋል።

እርሳስ የነካ እጅ ሳይታጠብ ዳቦ አይቆርስም። ጠመንጃውም በዚያው ቀን በሙቅ ውሃና በትንሽ ሳሙና ይታጠባል። የተበላሸ እንቁላል ቢሸት አትደንግጡ፣ የሰልፈሩ ሥራ ነው። የቀረው ጨው እርጥበት ስለሚስብ አንድ ሌሊት ካደረ ዝገት ይጀምራል። አድርቄ ዘይት ከቀባሁ በኋላ በማግሥቱ ነጭ ጨርቅ አስገባለሁ። ቡናማ ሆኖ ከወጣ እጥበቱ ከመጀመሪያው ይደገማል፤ ደጋሚውም የተኮሰው ልጅ ነው።