ከሃኖይ ሐር እስከ ሉንግ ታም ልጥ

የቬትናም ዋና ከተማ ሃኖይ በገባሁ ማግስት፣ በአሮጌው ከተማ ካሉት ሱቆች በአንዱ፣ «ንጹሕ ሐር፤ ለተፈጥሮ ተስማሚ» የሚል ምልክት የተለጠፈበትን የአንገት ልብስ በ350,000 ዶንግ ገዛሁ። መታለሌን ያሳዩኝ ከመሀል ከተማው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የሐር ሠሪዎች መንደር፣ በቫን ፉክ፣ ያገኘኋቸው አንዲት አሮጊት ሸማኔ ናቸው። ከጨርቁ ጫፍ ክር መዘው በክብሪት ሲለኩሱት ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ሆነ። ቀጥለው ከራሳቸው መሸመኛ የመዘዙትን የሐር ክር ሲለኩሱ የተቃጠለ ጠጉር ሸተተ፤ አመዱም በጣታቸው መካከል ደቀቀ። ምንም ሊሸጡልኝ አልሞከሩም፤ ሻይ ቀድተውልኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ወደ ሰሜን፣ ወደ ሃ ዣንግ፣ የሚወስደው የሌሊት አውቶቡስ አልጋው ለእኔ ቁመት አልተሠራም፤ ሾፌሩም እስኪነጋ ዘፈን አላቆመም። ከዚያ ወዲያ ስላለው ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ የማስታውሰው ሆዴን ይዤ መቀመጤን ብቻ ነው።

የሞንግ ብሔረሰብ ሴቶች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ሄምፕ የተባለውን፣ ከልጡ ክር የሚወጣ ተክል በሚሸምኑባት በሉንግ ታም መንደር ግን ድካሜን ረሳሁት። የሄምፕ ግንድ ታጭዶ ከደረቀ በኋላ ልጡ በእጅ ይላጣል፣ ተወቅጦ ይለሰልሳል፣ ከዚያም እያንዳንዱ ጭረት ከሌላው ጫፍ ጋር በጣት እየተጠመዘዘ ይቀጠላል፤ ይህ ቅጥያ መቀመጫ ስለማይጠይቅ ሴቶቹ መንገድ ሲሄዱም ሆነ ቆመው ሲጨዋወቱ እጃቸው አያርፍም። ክሩ ከተፈተለ በኋላ በአመድ ውሃ ደጋግሞ እየተቀቀለ ይነጣል። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን የተሸመነው ጨርቅ የሚለሰልስበት መንገድ ነበር፤ ጨርቁ በድቡልቡል ግንድ ላይ ይደረግና አንዲት ሴት በላዩ በተጫነው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆማ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተወዛወዘች ትዳምጠዋለች። በአገሬ እናቶች ቢፈትሉም መወርወሪያው በአብዛኛው በወንዶች እጅ ነው፤ እዚህ ግን ከልጡ እስከ ቀሚሱ የሴቶች ሥራ ስለሆነ፣ ወንዶቹ የት እንደዋሉ ለመጠየቅ ቃጥቶኝ ነበር።

ጌጡ የሚሳለው በቀለጠ የንብ ሰምና ጫፉ መዳብ በሆነ ብዕር ነው። ጨርቁ ከቅጠል በሚወጣው የኢንዲጎ ቀለም ደጋግሞ ይነከራል፤ ሰሙ በፈላ ውሃ ሲለቅ፣ የነካው ሥፍራ ከጥልቁ ሰማያዊ መካከል ነጣ ብሎ ይወጣል። ይህን ሁሉ አብሮን ሲመለከት የዋለና ስለ «ዘላቂ ፋሽን» ሲያስተምረን የቆየ አንድ ጎብኚ፣ የአንዲት ትራስ ልብስ ዋጋ ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት ያህል ሲከራከር ማየት አናደደኝ። ሻጯ ፈገግ እንዳለች ዋጋዋን አልቀነሰችም፤ እኔም ደስ አለኝ።

በእሑዱ የዶንግ ቫን ገበያ ካየኋቸው የሞንግ ሴቶች ብዙዎቹ የለበሱት ጌጡ በማሽን የታተመበት የፖሊስተር ቀሚስ ነበር። ርካሽ፣ ቀላልና ቶሎ የሚደርቅ ስለሆነ ልፈርድባቸው አልቻልኩም፤ የሄምፕ ቀሚስ ወራት ይፈጃል፣ እነርሱም እርሻና ልጆች አሉባቸው። አስጎብኚዬ እንደነገረችኝ ግን የሄምፑን ልብስ ለሞታቸው ቀን የሚያስቀምጡ አሉ፤ ሟች ሄምፕ ካልለበሰ የቀደሙት አባቶች አያውቁትም ተብሎ ስለሚታመን፣ በዚያ ቀን ፖሊስተር ቦታውን አይወስድም።