ተጫዋቹ የሄደበት ጆተኒ

በልጅነታችን ሳንቲም እያዋጣን የተጫወትነውን ጆተኒ ወደ ስልክ ለማምጣት፣ ብቻዬን በጎዶት (የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው) መሥራት ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ሁለት ሰዎች በኢንተርኔት እንዲገጥሙበት ካደረግሁ ወዲህ ግን ኳሷ እንደ ፌንጣ መዝለል አመጣች። ሁለቱን ስልኮች የሚያገናኘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የኳሷን ቦታ በሰከንድ 20 ጊዜ ብቻ ሲልክ፣ ስልኩ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚስል፣ በመካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው አልነበረም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ከሰርቨሩ 100 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ አሥረኛ) ያህል አዘግይቶ፣ አስቀድመው በደረሱት ሁለት ቦታዎች መካከል ኳሷን ማንሸራተት ነው።

ቅዳሜ ዕለት አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ተቀምጬ፣ ጓደኛዬ ከስድስት ኪሎ ወርዶ እስኪደርስ ይህችን ማስተካከያ ጻፍኩና፣ እንደመጣ ሳልሞክራት በሁለታችንም ስልክ ላይ ጫንኳት። የተሸነፈ ማኪያቶውን ሊከፍል ተስማምተን ጀመርን።

ኳሷ ከመሀል ሜዳ ንቅንቅ አላለችም። ጓደኛዬ በብስጭት ዘንጎቹን ያለማቋረጥ ሲያሽከረክር ውጤቱ 1 ለ 0፣ ከዚያ 2 ለ 0፣ ወዲያው ደግሞ 3 ለ 0 ሆነ፤ ኳሷ ግን እዚያው ናት። «ይኼ ጨዋታ ሳይጀመር ያልቃል እንዴ?» አለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ በር ላይ ካለው ሊስትሮ ዘንድ ጫማውን ሊያስጠርግ ወጣ።

እግሩን ለሊስትሮው ከመስጠቱ የእሱ ተጫዋቾች በእኔ ስልክ ላይ ነፍስ ዘሩ። ልስላሴያቸው (ራስን ማመስገን አይሁንብኝና) ያስቀና ነበር፤ ኳሷም እንደ ውኃ እየፈሰሰች መጥታ ጎሌ ውስጥ ገባች። አጠገቤ ጋዜጣ ያነቡ የነበሩ አዛውንት፣

«ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» አሉኝ።

«ያውና ጋሼ፣ ውጭ ከተቀመጠው ልጅ ጋር።»

በመስኮቱ አሻግረው የጓደኛዬን ሁለት ባዶ እጆች ተመለከቱ፤ ወደ ስልኬ ሲመለሱ ሁለተኛው ጎል እየገባ ነበር። «በስመ አብ!» ብለው ወንበራቸውን ከእኔ ራቅ አደረጉ።

ኮዱን ስከፍተው ጉዴ ወጣ። ጊዜው በሰከንድ በሚቆጠርበት ቦታ ላይ 0.1 ማለት ሲገባኝ 100 ብዬ ጽፌያለሁ። ውጤቱ በቀጥታ ስለሚመጣ ወዲያው ሲታይ፣ ኳሷና የተጋጣሚው ዘንጎች ግን 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ዘግይተው በክብር ይመጡ ነበር።

ጓደኛዬ ጫማው አብርቶ ሲመለስ ይህን ሁሉ በዝርዝር አስረዳሁትና፣ ግጥሚያው ተሰርዞ እንደገና እንድንጀምር ጠየቅሁት። እሱ ግን አንዱንም ጎል በዓይኑ ሳያይ፣ «3 ለ 0 ነው፤ ክፈል» ብሎ ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዘ።