እንኳን አደረሳችሁ፤ በተለይ ሳፋ ለያዛችሁ

እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! ደብረ ማርቆስ የምንኖር ሰዎች ዘንድሮ ዓመቱ የእኛ ነው ብንል አትፍረዱብን። ዝናቡ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ አልለቀቀንም ነበር። ዛሬ ግን ሰማዩ ተገልጧል፣ ልጆቹም አደይ ይዘው በየበሩ እየዘፈኑ ነው። ለሁላችሁም 2018 የጤናና የሰላም ዓመት ይሁንላችሁ።

እንደ ሌላው ዓመት አጠር ያለ መልእክት ልጽፍ ነበር የተቀመጥሁት። ግን አንድ ሰው ከፊቴ አልሄድ አሉኝ። እማማ ነው የምንላቸው። አብራችሁን የሠራችሁ ሁሉ የትኛዋን እማማ እንደምል ታውቃላችሁ። ግንቦት ላይ አጣናቸው።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። የምንሠራው የእግር ዝሆኔ ካለባቸው ሰዎች ጋር ነው። ዝሆኔ ሲባል ብዙ ሰው ትንኝ ነው የሚያስበው። በትንኝ የሚመጣ ዓይነት አለ፣ እሱ የቆላ ነው። የእኛ ደጋ ግን ሌላ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ በኩል ለዓመታት ይገባሉ፤ እግሩም ቀስ በቀስ ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳለበት ይገመታል፣ ጎጃምም በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ሐምሌ ላይ ጭቃው ውስጥ በጫማ አይገባም። ኮንጎውን አውልቆ ዳር ላይ ያስቀምጣል። ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ነው።

የእማማ እግር ያበጠው ገና ወጣት ሳሉ ነው። እባብ ረግጣ ነው ተባለ። ድግምት ነው ተባለ። ለልጃቸው የመጡ ሽማግሌዎች የእናትየዋን እግር አይተው ቡናውን ሳይጠጡ ተመለሱ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የሚቆሙት ከቅጥሩ ውጭ፣ ዛፍ ሥር ነበር። ይህን ሁሉ ራሳቸው ናቸው ያጫወቱኝ፤ ቡና እየቆሉ፣ የጎረቤት ታሪክ እንደሚያወሩ ሁሉ።

ከዚያ ማጠብ ተማሩ። እግራቸው እየቀነሰ፣ ቁስሉ እየደረቀ ሲመጣ ደግሞ ለራሳቸው ብቻ አላሉም። ሳፋውን ያዙ።

እማማ ሲያጥቡ ያየ ሰው አይረሳውም። ሰውየው ይቀመጣል። መጀመሪያ ስሙን ይጠይቁታል፤ ከየት ጎጥ እንደመጣ፣ ልጆቹ ደህና እንደሆኑ፣ ከብቶቹም ጭምር። ወረፋው ረዝሞ እኛ ስንጣደፍ ዞር ይሉና፣ «እግሩ የትም አይሄድ፣ ስሙን ጠይቁት» ይላሉ። ከዚያ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ። በሳሙና፣ በእጃቸው፣ በእያንዳንዱ እጥፋት መካከል ያሻሉ። ውኃው ይቀየራል። ቀጥሎ እግሩ ትንሽ በረኪና ጠብ የተደረገበት ውኃ ውስጥ ይቆያል። ሲወጣ በጣቶቹ መካከል በንጹሕ ጨርቅ ቀስ እያሉ ያደርቃሉ፤ እርጥበት ከቀረ ይቆስላላ። ቫዝሊን ይቀባል፣ ፋሻ ይጠመጠማል፣ ካልሲና ጫማ ይከተላል። ማታ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት ነው። ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ።

ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይንቀዋል። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ይህን እንክብካቤ ያገኙ ሰዎች ትኩሳት ይዞ አልጋ ላይ የሚጥላቸው ሕመም ካላገኙት ያነሰ እንደሚነሳባቸው አሳይቷል። ሕመሙ በሚነሳባቸው ቀናት ሰው አርሶ መብላት አይችልም። እማማ ጥናቱን አላነበቡም። ግን ማን ማሳው ላይ እንደዋለ፣ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ በየስሙ ያውቁ ነበር።

አንድ ጊዜ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ካሜራ ይዞ የእማማን እግር ፎቶ ሊያነሳ ፈለገ። በጣም ያበጠውን፣ ፋሻው ተፈትቶ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ፎቶ ገንዘብ እንደሚያመጣ ነው የተነገረው። እማማ ቀና ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ ጫማዬን ላድርግና ታነሳኛለህ» አሉት። ጫማቸውን አጥልቀው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኛ ደንብ ሆነ። የማንም ሰው እግር ባዶውን አይነሳም። ይህን ደንብ ያወጣው ቦርድ አይደለም፣ እማማ ናቸው።

ጥር ላይ ዋናው ደጋፊያችን ገንዘቡ መቆሙን ነገረን። ቢሮ ተሰብስበን ምኑን እንቀንስ፣ ማንን እናሰናብት እየተባባልን ነበር። እማማ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ሲበቃቸው፣ «ደሞዝ የሚባል ነገር ለእኔ መጥቶ አያውቅ፤ ስለዚህ አልሄደብኝም። ሳሙናው ስንት ነው?» አሉ። ነገርናቸው። በሚቀጥለው እሑድ ሰንበቴያቸው ላይ ቆመው ጠየቁ። ሰንበቴው ለሳሙና ከካዝናው አወጣ። ወሬው ተሰማና ሌላ ሰንበቴ ጨመረ፣ ከዚያ አንድ የሴቶች ዕቁብ። ፋሻና ቅባት ቀነስን፤ ቢሮውንም ለቅቀን ወደ አንድ ክፍል ገባን። ማጠቡ ግን ለአንድ ሳምንት እንኳ አልቆመም።

ዳይሬክተር ተብዬ የምጠራው እኔ ነኝ። ስለ አመራር ብዙ ስልጠና ወስጃለሁ፣ ጠቅሞኛልም። ያን ቀን ድርጅቱን የመሩት ግን እማማ ናቸው። ይህን በግልጽ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ በምንሞላቸው ሪፖርቶች ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለምና።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ደረታቸውን ታመሙ። መንገድ ተዘግቶ መኪና የማይንቀሳቀስበት ሳምንት ነበር። በቃሬዛ ተሸክመው ሊያወጧቸው ተነሱ፣ አልደረሱም። ለቀብሩም መሄድ አልቻልንም። የደረስነው ለአርባቸው ነው፣ ሰኔ መጨረሻ።

ዳሱ ሞልቶ ነበር። ጾም ስለሆነ ሽሮና ክክ ነው የቀረበው። እኔ ዓይኔን ያሳረፍሁት አንድ መሶብ ላይ ነው። እማማ ለረጅም ጊዜ ያጠቧቸው ሽማግሌ ጫማቸውን አድርገው ተቀምጠዋል፤ በስተቀኛቸው ቄሱ፣ በስተግራቸው የቀበሌው ሰው። አንድ እንጀራ ላይ እየቆረሱ ያወራሉ፤ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ። ድሮ ለእኒህ ሽማግሌ ምግብ የሚሰጠው ለብቻ፣ በሰፌድ ነበር። ማንም ሰው ይህን እንደ ልዩ ነገር አላየውም፤ እኔ ብቻ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ከዓመቱ ሁሉ ይዤው የምሻገር ነገር ቢኖር ይህ መሶብ ነው።

አሁን ምስጋና።

ጫማ ሰፊያችን፣ ወንድሜ፣ እነዚህ እግሮች በቁጥር እንደማይለኩ አንተ ነህ ያስተማርኸን። ሲባጎ ታዞራለህ፣ ቋጠሮ ታስራለህ፤ ግራና ቀኙ እኩል ስላልሆነ ለእያንዳንዱ ለብቻው። ቋጠሮዎቹን ግድግዳህ ላይ ከነባለቤቱ ስም ሰቅለህ አይቻለሁ። የምትሰፋውን ጫማ አድርገው ሙያህን የሚንቁ ሰዎች አሉ። ዘንድሮ ልብ ይስጣቸው።

መርጌታ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው «ይህ በሽታ እርግማን አይደለም» ያሉበት ቀን የእኛ የዓመታት ትምህርት ያላደረገውን አድርጓል። በዚያው ሳምንት ደብቀው ያስቀመጧቸውን እናቶቻቸውን ይዘው የመጡ ልጆች ነበሩ። እድሜ ይስጥልን።

ነርሳችን እህቴ፣ ደሞዝሽ ሲዘገይ ሳሙናውን ከራስሽ ኪስ እንደገዛሽ ዘግይቼ ነው የሰማሁት። አንቺ እንዳይነገር ብለሽ ነበር፤ ይቅርታሽን፣ እነግራለሁ። ባለጋሪው ጋሼም፣ በእግራቸው መምጣት ያልቻሉትን ገበያ ቀን እያመጡ ሳንቲም ያልተቀበሉን እርስዎ ነዎት። ፈረስዎም ይክረምልን።

ከሩቅ ሆናችሁ ለላካችሁልን ወዳጆች፣ በተለይ ዋናው ገንዘብ ሲቆም ሳንጠይቃችሁ «ምን ቀረባችሁ?» ብላችሁ ለደወላችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። ብሩን ሳይሆን ጥያቄውን አልረሳውም።

ምኞቴን ደግሞ በየአድራሻው ልላክ።

ሚኒባስ ውስጥ ያበጠ እግር አይታችሁ ወንበር ለምትቀይሩ ወገኖቼ፦ በዚህ ዓመት አትነሱ። አይተላለፍም። «እንደምን ዋሉ» በሉ።

ለባለሥልጣኖቻችን፦ ጳጉሜን 4 ግድባችን ሲመረቅ ከልቤ ደስ ብሎኛል፣ ከቤተሰቤ ጋር እልል ብለናል። ብዙ የዓባይ ገባሮች የሚነሱት ከዚሁ ከጮቄ ነው። ጮቄ ግርጌ ያለች ልጅ ግን ሚያዝያ ላይ ለእናቷ እግር መታጠቢያ ጀሪካን ተሸክማ ዳገት ትወጣለች። እግር በየቀኑ ታጠቡ ብለን የምናስተምረው እኛ ነን፤ ውኃው ከየት ይምጣ ሲሉን የምንመልሰው እንዲኖረን እባካችሁ ቧንቧ አድርሱልን።

መሣሪያ ለያዛችሁ ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን፦ መንገዱን ክፈቱልን። የታመመ ሰው ይለፍ።

የመጨረሻው ለእማማ የልጅ ልጅ ነው። ስልኩ እጅሽ ገብቶ ይህን ካነበብሽ፣ እንኳን አደረሰሽ። አያትሽ በነበሩበት ቦታ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳፋውን እንደምትይዢ፣ ስምም ቀድመሽ እንደምትጠይቂ ነርሷ ነግራኛለች። አመሰግንሻለሁ። ግን ዕዳ አድርገሽ እንድትይዢው አልፈልግም። የእኔ ምኞት ትምህርት ቤትሽ ተከፍቶ ቦርሳሽን ይዘሽ እንድትሄጂ ነው። የመማሪያ ደብተርና መጽሐፉን እኛ እናዘጋጃለን፤ ለሳፋው ሰው አናጣም።

ከበዓሉ በኋላ ያለው ቅዳሜ ማጠቡ እንደተለመደው በጠዋት ይጀምራል። የምትመጡ ሰዎች ሳሙናና ያረጀ ንጹሕ ነጠላ ይዛችሁ ኑ፤ ማድረቂያ ጨርቅ አንሶናል። መልካም አዲስ ዓመት!