ሌሊቱን ያነጋሁበት ካርድ

ለንደን ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ደንበኛ የሚያመጣውን ፎቶ ለኅትመት አስተካክላለሁ። ገና ሲቃረብ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ለቤተ ክርስቲያናቸው 300 ካርድ አዘዙ። ሥዕሉ በሆላንድ የሃርለም ከተማ ሠዓሊ የነበረው ኸርትኸን ቶት ሲንት ያንስ በ1490 አካባቢ የሣለው ልደት ነው። ዋናው እዚሁ ለንደን፣ ናሽናል ጋለሪ በሚባለው የሥዕል ሙዚየም ይገኛል።

ፋይሉን ስከፍተው ድቅድቅ ጨለማ። ደነገጥኩ። ጥቁር የበዛበት ፎቶ ወረቀት ላይ ሲወጣ ይደፈናል፣ ስንቴ ደርሶብኛል! ስለዚህ ማንንም ሳልጠይቅ ብራይትነሱን ከፍ፣ ጥላውን ገለጥ አደረግኩት። ዮሴፍም፣ በሬውም፣ አህያውም ወለል ብለው ታዩ። ደስ ብሎኝ ሁሉንም አተምኩ።

ሴትዮዋ ካርዱን አይተው ዝም አሉ። ቆይተው "ብርሃኑስ?" አሉኝ። አልገባኝም። ጣታቸውን ግርግሙ ላይ አሳረፉ።

ለካ በረቱ ውስጥ ሻማም ፋኖስም የለም። ቤቱን የሚያበራው ሕፃኑ ራሱ ነው። ብርሃኑ ከግርግሙ ተነስቶ የመላእክቱን ጉንጭና የእመቤታችንን ፊት ይነካና እዚያው ያልቃል፣ ዮሴፍ ከኋላ ጨለማው ውስጥ ቆሟል። ውጭ ኮረብታው ላይ የእረኞቹ እሳት አለ፣ ሰማዩ ላይ መልአኩ ያበራል፤ ሁለቱም ሕፃኑን አያህሉም። ነገሩ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረችው ከስዊድኗ ቅድስት ብሪጊታ ራእይ ጋር ይያያዛል። እሷ ባየችው ራእይ የሕፃኑ ብርሃን የዮሴፍን ሻማ ውጦታል።

"ብርሃንም በጨለማ ይበራል" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ጨለማውን ካነሳሁት ታዲያ ምን ውስጥ ሊበራ ነው? በጣም አዘንኩ።

በእረፍት ቀኔ ሄጄ ዋናውን አየሁት። 34 በ25 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፣ ትንሽዬ እንጨት። መጀመሪያ ዮሴፍን አጣሁት። ፊት ለፊቱ ቆሜ ዓይኔ ጨለማውን ሲለምደው ግን ቀስ እያለ ብቅ አለ፣ መጀመሪያ ፊቱ፣ ከዚያ ልብሱ። እኔ ያንን ቆይታ ነው ከካርዱ ላይ የሰረዝኩት።

ፋይሉን ወደነበረበት መለስኩ። በጨለማው ፋንታ ወረቀቱን ቀየርኩ፣ ቀለም የማይመጥ ለስላሳ ወረቀት። አንድ ብቻ አትሜ ለሴትዮዋ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ ተጠጉ፣ ብዙ ቆዩ።

"አዎ" አሉ፣ "ዮሴፍ እዚህ ጋ አለ።"