ወተቱን ተዉት፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ኑ

ድንገተኛ ክፍል መርዝ የጠጣ ሰው ሲመጣ ቤተሰቡ ቀድሞ የሚነግረን "ወተት አጠጥተነዋል" ብሎ ነው። ጣት ከትተው አስመልሰውት የሚመጡም አሉ። ከጭንቀት ነው፣ ይገባኛል። ግን ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ የፈሰሰ ወተት ሳንባው ነው የሚገባው። በረኪና የጠጣን ማስመለስ ደግሞ ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲወጣ እንዲደግመው ማድረግ ነው። ነጭ ጋዝም እንደዚያው፣ ሲያስመልሱት ወደ ሳንባ ይሄዳል።

ከዚያ "ማርከሻ የለውም?" ይሉናል። ለአንዳንዱ አለው። ፓራሲታሞል አብዝቶ ለወሰደ አሴቲልሲስቴይን አለ፤ በ8 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ጉበቱ በአብዛኛው ይተርፋል። ለከሰል ጭስ ኦክሲጅን ነው። ለብዙው መርዝ ግን የተለየ ማርከሻ የለም፤ ትንፋሹን፣ ግፊቱንና ስኳሩን እየጠበቁ ማሻገር ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ እንደ ማላታይን ያለው የተባይ መድኃኒት ነው። ሰውዬው በላብ ተጠምቆ፣ አረፋ እየደፈቀ፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ አክሎ ይመጣል፤ ደረቱ ላይ ማዳመጫ ስታደርጉ ውኃ ሲንተከተክ ትሰማላችሁ። ጓንት አድርገን ልብሱን እናወልቃለን፣ በሳሙና እናጥበዋለን፣ ምክንያቱም መርዙ በቆዳም ይገባል። ማርከሻው አትሮፒን ይጀመራል፤ ካልበቃው በየ5 ደቂቃው እጥፍ እያደረግን እንሄዳለን። አዲስ ተለማማጆች ዓይን ዓይኑን ያያሉ። ተዉት ዓይኑን! የሚፈለገው ሳንባው እንዲደርቅና የልብ ምቱ ከ80 እንዲያልፍ ነው። አትሮፒኑ ሲበዛበት ደግሞ ይግላል፣ ይቃዣል፣ ግሉኮሱን ነቅሎ ሊነሳ ይታገላል።

አትሮፒን የማይነካው ነገርም አለ፦ የጡንቻ መድከም። ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ፣ ነቅቶ ሾርባ የጠጣ ሰው ድንገት ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። "ድኗል፣ ወደ ቤት እንውሰደው" የሚባለው ግን ልክ በዚያ ሰሞን ነው። አንገቱን ከትራስ ቀና ማድረግ ካቃተው ወዲያው ነርስ ጥሩ።

ሌላው፣ እባካችሁ፣ "ምግብ ነው የተመረዘው" አትበሉን። ይሉኝታው ይገባኛል፣ ግን የምንጠይቀው መድኃኒቱን ለመምረጥ ነው። ጠርሙሱን አምጡ። በሃይላንድ ተገልብጦ ከነበረ ሃይላንዱን፣ ከየት እንደተገዛም ጠይቃችሁ። 907 ደውሉ፤ አምቡላንስ ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን ያዙ፣ በጎኑ አስተኝታችሁ።